ኮንደንሰርን ስለ ማያያዝ

የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ከመፍረሳቸው ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፥ በዚያ በምንኖርበት ግቢ የውሃ ፓምፑ ሞተር አንድ ምሽት እያጉረመረመ መዞር እምቢ አለ። (ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ኢንቺስ ከተባለው ድርጅት ስለ ሆነ፥ ለእኛ ለቢሮ ሰዎች እንደ ርስት ነበር።) ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ ሮቶው ባዶ ያደረ እንደ ሆነ ጧት የሚሆነውን ታውቁታላችሁ።

የተበላሸው ኮንደንሰሩ ነበር። ይኸውም ሁለት ስስ የብረት ገጾች ኤሌክትሪክ በማያሳልፍ ነገር ተለይተው የተጠቀለሉበትና የኤሌክትሪክ ሙላት ለጊዜው የሚያጠራቅም ዕቃ ነው። በላዩ «20 ማይክሮፋራድ፥ 450 ቮልት» ተብሎ ተጽፎበታል። የመብራቱ ኃይል 220 ቮልት ሲሆን 450 የተባለበት ምክንያት፥ ሞተሩ ሲዞር ኮንደንሰሩ ላይ የሚያርፈው ቮልት ከመስመሩ ስለሚበልጥ ነው። ጠጋኙ ወጣት በእጁ የነበሩት ግን ባለ 10 ማይክሮፋራድ፥ ባለ 450 ቮልት ሁለት ኮንደንሰሮች ብቻ ነበሩ። አንዱን ከሌላው ጫፍ አስከትሎ ቀጠላቸው፤ ሞተሩ አሁንም አልተነሣም።

ሁለት ሮቶዎች ጎን ለጎን ቆመው ከሥር በቧንቧ ቢገናኙ የሚይዙት ውሃ ይደመራል። ኮንደንሰሮችም በትይዩ ሲያያዙ እንዲሁ ነው፤ 10 እና 10፥ 20 ይሆናል። በተከታታይ ሲያያዙ ግን ሁለቱን አባዝቶ ለድምራቸው ማካፈል ነው፤ 100 ለ20 ሲካፈል 5 ይወጣል። ሞተሩ የደረሰው ከሚገባው ሩቡ ብቻ ነበር። እንዲያ እያጉረመረመ ቢቆይ ኖሮ ጥቅል ሽቦው ግሎ በተቃጠለ ነበር።

ታዲያ ተከታታይ አያያዝ ጥቅም የለውምን? አለው፤ ሁለት ሰዎች አንድ ሸክም በአጣና እንደሚጋሩ፥ ቮልቱን ይጋራሉ። ባለ 40 ማይክሮፋራድ፥ ባለ 250 ቮልት የሞተር ኮንደንሰሮች ሁለት ቢገኙ፥ ተከታትለው 20 ይሆናሉ፤ አብረውም 500 ቮልት ይችላሉ። ትይዩ ሲሆኑ ግን የቮልት ችሎታቸው አይደመርም፤ የሚወስነው አነስተኛው ነው።

እኩል ካልሆኑ ደግሞ ነገሩ ያስገርማል፤ ከባዱን የሚሸከመው ትንሹ ነው! 10 እና 40 ማይክሮፋራድ ተከታትለው በ220 ቮልት ላይ ቢውሉ፥ በባለ 10 ላይ 176 ቮልት ሲያርፍ በባለ 40 ላይ የሚያርፈው 44 ብቻ ነው። ይህን ያላሰበ ጠጋኝ ትንሹን ያፈነዳዋል።

ወጣቱ ስሕተቱን እንደ ተረዳ እጁን ወደ ሽቦው ሰደደ፤ ያዝነው። ኮንደንሰር መብራቱ ከተቋረጠ በኋላም ያጠራቀመውን ይዞ ሊቆይና ሰውን ሊመታ ይችላልና፥ አስቀድሞ በሬዚስተር ማራገፍ ያስፈልጋል። አራግፎ በትይዩ አሰራቸው፤ ውሃውም ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ ወደ ሮቶው ሲወርድ ተሰማ።