የሞለኪውል ንዝረት የኬሚካዊ አጸግብሮትን አቅጣጫ የሚወስነው መቼ ነው?

ኬሚካዊ አጸግብሮትን ለማፋጠን የተለመደው መንገድ ማሞቅ ነው። ሙቀት ግን ጉልበትን ለሁሉም እንቅስቃሴዎች ያከፋፍላል እንጂ የሚበጠሰውን ትስስር አይመርጥም። በሌዘር አማካይነት ጉልበቱን ለአንድ ትስስር ንዝረት ብቻ በመስጠት የአጸግብሮቱን ውጤት መምረጥ ይቻል እንደሆነ ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት ሲጠይቁ ቆይተዋል።

በጋዝ ውስጥ፣ በተለይም በትንንሽ ሞለኪውሎች፣ ይህ እንደሚቻል ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የፍሌሚንግ ክሪም ቡድን አንደኛው ሃይድሮጂን በዲዩትሪየም የተተካበትን የውሃ ሞለኪውል ወስዶ፣ የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ትስስሩ በሌዘር አጥብቆ እንዲነዝር አደረገ። የሃይድሮጂን አቶም ሲጋጨው የተበጠሰው ከሞላ ጎደል የሚነዝረው ትስስር ብቻ ነበር፤ የዲዩትሪየሙ ትስስር ጸና።

ይሁንና ንዝረት በሁሉም አጸግብሮት እኩል ውጤት የለውም። እ.ኤ.አ. የ1986 የኖቤል ተሸላሚ ጆን ፖላኒ እንዳሳየው፣ የጉልበት መሰናክሉ ወደ ውጤቶቹ አቅራቢያ ሲገኝ ንዝረት ይበልጥ ይረዳል፤ ወደ መነሻ ሞለኪውሎቹ ሲቀርብ ግን የግጭቱ ፍጥነት ያመዝናል። ደንቡ በመጀመሪያ የተቀመጠው ለሦስት አቶሞች አጸግብሮት በመሆኑ፣ በትላልቅ ሞለኪውሎች ላይ በጥንቃቄ ሊሠራበት ይገባል።

በፈሳሽ ውስጥ ነገሩ ይለወጣል። ሞለኪውሉ በጎረቤቶቹ ተከቦ ያለማቋረጥ ስለሚገፋ፣ የተሰጠው ጉልበት ወደ አካባቢው ይፈስሳል። በፈሳሽ ውሃ ውስጥ የኦክስጅንና የሃይድሮጂን ትስስር የመለጠጥ ንዝረት በ0.2 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ይከስማል። ተጋጣሚው ገና ሳይደርስ፣ ለአንድ ትስስር የተመደበው ጉልበት ተራ ሙቀት ይሆናል።

ሆኖም አሟሚ ሁሉ እንደ ውሃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ የአንድሩ ኦር-ኢዊንግ ቡድንና ተባባሪዎቹ፣ ክሎሪን ባለው አሟሚ ውስጥ የሳያኖ ራዲካል ከሳይክሎሄክሴን ሃይድሮጂን ሲነጥቅ የሚፈጠረው ሃይድሮጂን ሳያናይድ እየነዘረ እንደሚወለድ አረጋገጡ። የዚህ ሞለኪውል የመለጠጥ ንዝረት ድግግሞሽ ከአሟሚው ንዝረቶች ጋር በቀላሉ ስለማይጣጣም፣ ጉልበቱ እንደ ውሃው በቅጽበት አይጠፋም። አሟሚው በጋዝ ውስጥ የሚታየውን የአጸግብሮት ባሕርይ ሙሉ በሙሉ እንደማይሰርዝ በዚህ ታወቀ።

ስለዚህ ወሳኙ ነገር ጋዝ ወይም ፈሳሽ መሆኑ ብቻ ሳይሆን የሁለት ጊዜያት ውድድር ነው፦ ትስስሩ ለመበጠስ የሚፈልገው ጊዜና ንዝረቱ የሚቆይበት ጊዜ። የመጀመሪያው ካጠረ ንዝረት አቅጣጫ ይወስናል፤ ሁለተኛው ካጠረ ግን ሌዘሩ የሚያደርገው ማሞቅ ብቻ ነው።