የቁልቋል ትውስታ፦ አንድ ተክል በብዙ ሕዝቦች ቃልና ሥዕል

አንዱን ነገር በሌላው ስም የሚጠራው ተለዋጭ ዘይቤ ብዙ ጊዜ የንግግር ጌጥ ብቻ ተደርጎ ይታያል። ይሁንና አንድ ሕዝብ ካለፈው ዘመኑ የትኛውን እንደሚያስታውስና የትኛውን እንደሚረሳ በመወሰን ረገድ ያለው ድርሻ ከጌጥነት እጅግ ይበልጣል። ከሜክሲኮ ተነሥቶ እስከ ሜዲትራኒያን ዳርቻና እስከ ሰሜን ኢትዮጵያ ተራሮች የተስፋፋው፣ እሾሃማ ቅጠልና ጣፋጭ ፍሬ ያለው የቁልቋል ዓይነት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

በትውልድ አገሩ በሜክሲኮ ይህ ተክል የመንግሥት ዓርማ ነው። በአዝቴኮች አፈ ታሪክ መሠረት የቴኖችቲትላን ከተማ የተመሠረተችው ንስር በቁልቋል ላይ ባረፈበት ስፍራ ሲሆን፣ ምስሉ ዛሬም በአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ይታያል። ስፔናውያን በ16ኛው መቶ ዘመን ወደ አውሮፓ ካመጡት በኋላ ግን ተክሉ በየደረሰበት አገር አዲስ ስምና አዲስ ትርጉም አገኘ።

የፈረሱ መንደሮች አጥር

የፍልስጤም ገበሬዎች ቁልቋሉን የማሳቸውና የመንደራቸው አጥር አድርገው ተከሉት። እ.ኤ.አ. በ1948 በተካሄደው ጦርነት ከ400 በላይ መንደሮች ከነዋሪዎቻቸው ባዶ ሲሆኑ አብዛኞቹ ቤቶች ፈረሱ። የቁልቋሉ ሥር ግን ቢቆረጥም ደጋግሞ ስለሚያቆጠቁጥ አጥሩ ቀረ። ግድግዳ በሌለበት ስፍራ የመንደሩ ወሰን በአረንጓዴ መስመር ይታይ ጀመር።

ቋንቋውም ለዚህ ትውስታ የተዘጋጀ ነበር። በዐረብኛ የተክሉ ስምና ትዕግሥት ማለት የሆነው «ሰብር» ከአንድ ሥር የሚነገሩ ቃላት ናቸው። ቁልቋሉን መጥራት ጽናትን መጥራት ሆነ። በአማርኛ የሚናገሩ ሙስሊሞች እርስ በርስ «ሰብር አድርግ» ሲባባሉም ይህንኑ ቃል ነው የሚጠቀሙት።

እ.ኤ.አ. በ1961 በኡም አል ፋህም የተወለደው ሠዓሊ አሲም አቡ ሻቅራ ይህን ምስል ከሜዳ አንሥቶ በሸራ ላይ አኖረው። የሥዕል ትምህርቱን በቴል አቪቭ የተከታተለው አቡ ሻቅራ ደጋግሞ የሣለው በአጥር መልክ የተዘረጋውን ቁልቋል ሳይሆን በአበባ ማሰሮ ውስጥ የተተከለውን ነው። ከአፈሩ የተነጠለ፣ በጠባብ ስፍራ የታጠረ፣ ነገር ግን በሕይወት ያለ ተክል ነበር። ሠዓሊው እ.ኤ.አ. በ1990 በ28 ዓመቱ በካንሰር ሕመም ሲያርፍ ቁልቋሎቹ የአንድ ሰውም የአንድ ሕዝብም ሕይወት ሆነው ተነበቡ።

ሌላው ትርጉም

ይኸው ተክል በዚያው ምድር ለሌላ ሕዝብ ሌላ ነገር ሆኗል። በዕብራይስጥ «ጻባር» ወይም በተለመደው አጠራር «ሳብራ» በአገሩ የተወለደ አይሁዳዊ መጠሪያ ነው። ከውጭ እሾሃማ፣ ከውስጥ ጣፋጭ እንደማለት ነው። ስያሜው ከ1930ዎቹ ጀምሮ እየተስፋፋ ሄዶ፣ ካርቱኒስቱ ካሪኤል ጋርዶሽ እ.ኤ.አ. በ1956 ባርኔጣ ያጠለቀውንና ሰንደል የተጫማውን «ስሩሊክ» የተባለ ወጣት ሲፈጥር መልክ አገኘ። የአገሬውን ልጅ ምሳሌ የሣለው ጋርዶሽ ራሱ በሀንጋሪ የተወለደ ስደተኛ ነበር።

ሁለቱ ትርጉሞች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። የአገሬውነት ምልክት የሆነው ተክል ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑ በሁለቱም ዘንድ ተዘንግቷል። ምሳሌው አንዱን ትውስታ ያጸናው ሌላውን በመሸፈን ነው።

አማርኛ በዚህ ረገድ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ተክሉን «የባሕር ቁልቋል» ብሎ በመጥራት፣ እንደ ባሕር ዛፍና እንደ የባሕር ማሽላ ሁሉ፣ የመጣበትን መንገድ በስሙ ውስጥ አስቀምጦታል። በትግራይ ደግሞ በጥንት መጻሕፍት የሌላ ዛፍ መጠሪያ በሆነው «በለስ» ስም ተጠራ። እህል በሚያጥርበት ክረምት ፍሬው ስለሚደርስ የችግር ጊዜ ደራሽ ሆኖ ይታሰባል።

ተክሉ ሲደርቅ

ይህ ሁሉ ትውስታ ዛሬ በአንዲት ትንሽ ነፍሳት ተፈትኗል። ከቁልቋል ላይ እየመጠጠ የሚኖረው የኮቺኒል ዝርያ ከ2010ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በሊባኖስ፣ በእስራኤልና በፍልስጤም ግዛቶች አጥሮችን አድርቋል። በትግራይም ለቀይ ቀለም ምርት ተብሎ የገባ ኮቺኒል ከቁጥጥር ወጥቶ ሰፊ የበለስ ምድር አውድሟል። ለዘመናት ለዓለም ሠዓሊያን ደማቅ ቀይ ቀለም የሰጠው የዚህ ነፍሳት ቤተሰብ አሁን ሥዕሉ የተነሣበትን ተክል እየበላ ነው።

አጥሩ ከጠፋ የፈረሱት መንደሮች ወሰን በመሬት ላይ አይታይም። የቀረው በቃሉና በሸራው ላይ ያለው ብቻ ይሆናል። እሾሁ ወግቶት፣ ፍሬውን ልጦ የማያውቅ ትውልድም «ሰብር» የሚለውን ቃል ሲሰማ ተክሉን ማየት የሚችለው ሌሎች ባቆዩለት ምስል ነው።