ቆፈንና የሱብሒ ውዱእ



ወሩ ታኅሣሥ ነው። ሌሊቱ ጥርት ብሎ አድሯል። ሣሩ ላይ አመዳይ ነጥቷል። የሱብሒ አዛን ሲሰማ አባወራው ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ውኃው ይሄዳል። ገና እጁን ሲነክር ጣቶቹ ይደርቃሉ፤ ፊቱን ታጥቦ ክንዱ ላይ ሲደርስ ጣቶቹን እንደ ልቡ ማዘዝ ያቅተዋል። ቆፈን ማለት ይህ ነው። ለትልቅ ሰው ይህን ያህል ከከበደ፣ ሰላትን ገና በመልመድ ላይ ላለ ልጅ እንዴት ይሆን? በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ ለማየት ወደድን።

ብርዱ ለምን ይበረታል?

ደሴ፣ ደብረ ብርሃንና ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ ከተሞች ናቸው። 1,000 ሜትር ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ ያለው ዘመዳችን «ምን ብርድ አለና?» ቢለን አይፈረድበትም። በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የመሬቱን ሙቀት ይይዛል። በበጋ ሌሊት ግን ሰማዩ ጥርት ስለሚል ምድር ቀን ያገኘችውን ሙቀት ወደ ላይ ትለቃለች። ውርጭ የሚወርደውም ያኔ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) ሰውነታችንን ሲፈጥር ጥበብ አኑሮበታል። ብርድ ሲመጣ ሰውነት አስቀድሞ የሚጠብቀው ልብንና የውስጥ አካላትን ነው። ስለዚህ ወደ እጅና ወደ እግር የሚሄዱ የደም ሥሮች ይጠብባሉ፤ ደሙ ወደ መሐል ይሰበሰባል። ጣት ደግሞ ቀጭን በመሆኑ የያዘው ሙቀት ቶሎ ያልቅበታል። እርጥበት ሲጨመርበት ነገሩ ይብሳል። ውኃ ሙቀትን ከአየር 25 ጊዜ ያህል በፍጥነት ይወስዳል፤ በቆዳ ላይ የቀረው እርጥበትም ሲተን ሙቀታችንን ይዞ ይሄዳል።

ያፈርንበት ጠዋት

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ በምናስተምርበት መድረሳ፣ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ውዱእ ሲያደርግ አየነው። እጁን እስከ አንጓው ብቻ አርሶ ወደ ሰፍ ሊገባ ሲል ጠራነው። «እስከ ክርንህ መታጠብ እንዳለብህ አልተማርክም?» ብለን ጓደኞቹ ፊት ተቆጣነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ።

በኋላ ለብቻው ስንጠይቀው፣ «ኡስታዝ፣ የሹራቤ እጅጌ ጠባብ ነው፤ ወደ ላይ አይወጣልኝም። ከረጠበ ደግሞ እስከ ዙህር አይደርቅም። ሌላ የለኝም» አለን።

በጣም አፈርን። ሕጉን አስተምረነዋል፤ ሕጉን የሚፈጽምበትን ዘዴ ግን አላሳየነውም ነበር። ዘዴው ደግሞ ራሳችን በመድረሳ ከተማርነው ሐዲስ ውስጥ ነበረ። በ9ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በተቡክ ዘመቻ ላይ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጅጌው ጠባብ የሆነ ጁባ ለብሰው ነበር። ለውዱእ ክንዳቸውን ሊገልጡ ሲሉ እጅጌው አልወጣ አላቸው። እጆቻቸውን ከጁባው ሥር አውጥተው ታጠቡ። ውኃ ያፈሱላቸው የነበሩት አል-ሙጊራ ኢብኑ ሹዕባ (ረ.ዐ) ኹፋቸውን ሊያወልቁላቸው ሲያጎነብሱም ተዋቸው አሏቸው፤ በጦሃራ ላይ ሆነው ያጠለቋቸው ነበሩና በላያቸው አበሱ። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

በማግስቱ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ ታሪኩንም ለሁሉም ነገርናቸው። እጆቹን ከሹራቡ ሥር አውጥቶ ሲታጠብ ፊቱ ላይ ያየነው ፈገግታ ከብዙ ትምህርት በላይ አስተማረን።

ዲናችን ምን ይለናል?

በከባድ ሁኔታ ውስጥ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ወንጀልን ከሚያብሱና ደረጃን ከፍ ከሚያደርጉ ሥራዎች አንዱ መሆኑን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ይህ ማለት ግን መከራውን ፈልገን እንሂድበት ማለት አይደለም። ውኃ ማሞቅ የተፈቀደ ነው። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በሞቀ ውኃ ይጠቀሙ እንደነበር ተዘግቧል።

ኹፍን በጦሃራ ላይ ሆኖ ያጠለቀ ሰው በአገሩ ከሆነ አንድ ቀን ከነሌሊቱ፣ መንገደኛ ከሆነ ሦስት ቀን ከነሌሊቱ በላዩ ማበስ ይችላል። ጓንት ግን እንደ ኹፍ አይታበስበትም፤ ወልቆ እጅ መታጠብ አለበት። ወጣቶች ይህን ልብ እንዲሉ እንሻለን።

ብርዱ በእርግጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነና ማሞቂያ ከጠፋስ? በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ፣ በዛት አስ-ሰላሲል ዘመቻ፣ ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በብርቱ ብርድ ሌሊት ጀናባ ሆኑ። ቢታጠቡ እሞታለሁ ብለው ፈሩና ተየሙም አድርገው ጓዶቻቸውን አሰገዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው፣ አላህ ራስን መግደል የከለከለበትን የቁርኣን አንቀጽ ጠቀሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳቁ፤ ምንም አላሏቸውም። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ነገር ግን ምድጃና ማንቆርቆሪያ ያለው ሰው ይህን ለስንፍናው ማመካኛ ማድረግ የለበትም። ዝርዝሩን ከአካባቢያችን ዓሊሞች እንጠይቅ።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፦ እጅን ለማሞቅ ከደረት እንጀምር። ገላ ሲሞቅ ሰውነት ደሙን ወደ ጣቶች ይለቃል። ልጆችን ከአልጋ እንደወረዱ ሹራብና ኮፍያ እናልብሳቸው።

ሁለተኛ፦ ማታ በፔርሙዝ የፈላ ውኃ እናሳድር። አንድ ሊትሩ ከሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ ጋር ሲቀላቀል ለብ ያለ ውኃ ይሆናል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል ውኃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። ካላባከንን ሦስቱ ሊትር ለአራት ሰው ይበቃል። ሁልጊዜ ቀዝቃዛውን አስቀድመን እንቅዳ፤ ሙቀቱንም ለልጆች ከመስጠታችን በፊት በክርናችን እንለካ።

ሦስተኛ፦ ውዱእ እንዳበቃ ፎጣ ይዘጋጅ፤ በጣቶች መካከል ያለው እርጥበትም ይድረቅ። እጅ ከተሰነጣጠቀ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ይረዳል። ውኃ የሚከለክል ወፍራም ቅባት ካለ ግን ከቀጣዩ ውዱእ በፊት ይጽዳ።

አራተኛ፦ ጓንት የሚጠለቀው እጅ ከመቀዝቀዙ በፊት ነው። አራቱ ጣቶች አንድ ላይ የሚገቡበት ጓንት ጣት ጣቱን ከተለየው የበለጠ ይሞቃል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ይሟሟቃሉና። ለልጆች ያረጀ የሱፍ ካልሲ እንኳ ይህን ሥራ ይሠራል።

አምስተኛ፦ የደነዘዘ እጅ እሳት ላይ አይዘረጋ። ስሜት የሌለው ቆዳ ሳይታወቀው ይቃጠላል፤ የስኳር ሕመም ያለባቸው አባቶችና እናቶች በተለይ ይጠንቀቁ። እጅን ብብት ውስጥ ማስገባት፣ ክንድን ማወዛወዝ ወይም ለብ ባለ ውኃ መንከር ይሻላል። በብርድ ጊዜ ጣቶቹ ደጋግመው የሚነጡና የሚያሙት ሰው ወደ ሐኪም ይሂድ።

የከሰሉ ነገር

ከሁሉ በላይ የሚያስፈራን ይህ ነው። ብዙ ቤተሰብ ማታ የከሰል ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብቶ በሩን ይዘጋል። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ይባላል። ግን ከፍሙ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፤ አይሸትም። በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን 200 ጊዜ ይበልጣል። ራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ምልክቶቹ ናቸው፤ የተኛ ሰው ግን ምልክቱን ሳያውቅ እዚያው ሊቀር ይችላል። እነዚህ ምልክቶች ከታዩ ሁሉም ወዲያውኑ ወደ ውጭ ይውጣ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ይኬድ።

በመዲና አንድ ቤት በሌሊት በነዋሪዎቹ ላይ በተቃጠለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችን መሆኑን ነግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዋል። ዛሬ ያ ትእዛዝ በየመኝታ ቤታችን ያለውን ምድጃ ይመለከታል። ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ክፍሉ አየር ያግኝ፣ ከመኝታ በፊትም ይውጣ። በአንድ ሌሊት ሙቀት ልጆቻችንን አንለውጥ።

ውድ አንባብያን፣ በመድረሳችን አሁን ወላጆች ተራ ገብተው በየማለዳው አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ውኃ ያሞቃሉ፤ ከበሩ አጠገብም ፎጣዎች ተሰቅለዋል። ወጪው ትንሽ ነው። ጎረቤታችን ያለውን፣ ሹራቡ አንድ ብቻ የሆነውን ልጅም እናስበው፤ አንድ ጥንድ ጓንት ሰደቃ ነው። ልጆቻችን ሱብሒን ሲያስታውሱ ቆፈኑን ሳይሆን የእናታቸውን ለብ ያለ ውኃ የሚያስታውሱ ያድርግልን።

ወቢላሂ ተውፊቅ።