ተጨማሪ መረጃ፦ የጠፍር አልጋ አሠራር

የጠፍር አልጋ ከእንጨት ማዕቀፍና ከጠፍር፣ ማለትም ካልተለፋ የከብት ቆዳ ረዥምና ቀጭን ሆኖ ከተተለተለ ማሰሪያ፣ የሚሠራ የመኝታ ዕቃ ሲሆን፣ በመጋዝ፣ በመሮና በመዶሻ ቤት ውስጥ ሊበጅ ይችላል። ማዕቀፉ አራት እግሮችና እነሱን የሚያገናኙ አራት አግዳሚዎች አሉት፤ የአግዳሚው ጫፍ እንደ ምላስ ቀጥኖ ይጠረብና በእግሩ ላይ በመሮ ወደተፈለፈለው ቀዳዳ ያለ ምስማር ይገባል። እንጨት ሲደርቅ ርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ ወርዱና ውፍረቱ ስለሚኮማተር፣ ከርጥብ እንጨት የተጠረበ ምላስ ውሎ አድሮ መላላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዋንዛም ሆነ ባሕር ዛፍ አስቀድሞ በጥላ ሥር መድረቅ ይኖርበታል (ባሕር ዛፍ ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ ስላለው ለጀማሪ አይመከርም)።

የአሠራሩ ዋና ብልሃት ግን ያለው በጠፍሩ ላይ ነው። ጠፍሩ በውሃ ርሶ ሳለ በአግዳሚዎቹ ላይ እየተጠመጠመ በቁመትና በወርድ ይጠላለፋል፤ ሲደርቅ ስለሚያጥር አግዳሚዎቹን ወደ ውስጥ ይስባል፣ ስበቱም እግሮቹን እርስ በርስ በማቀራረብ ምላሶቹን በየቀዳዳቸው ያጠብቃቸዋል። ይኸው ኃይል ቀጭን እንጨት ሊያጎብጥ ስለሚችል ረዣዥሞቹ አግዳሚዎች ወፈር ብለው ይጠረባሉ። ጠፍሩ በአገልግሎት ብዛት ሲረግብ ተፈትቶ እንደገና ይወጠራል፣ ካረጀም በአዲስ ይተካል። በጠፍር ፋንታ የጣውላ ርብራብ የሚነጠፍበትና በብሎን የሚያያዘው ዘመናዊ አልጋ ግን ይህ ራስን የማጥበቅ ባሕርይ ስለሌለው፣ ብሎኑ በየጊዜው ካልጠበቀ ሲጢጥ ማለቱ አይቀርም።