ግራበን፦ የካራቆሬ ሜዳ እንዴት ወረደ?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቆላው ይቀበለዋል። ከዚያ በሰንበቴ፣ በአጣዬና በካራቆሬ አልፎ እስከ ከሚሴ ድረስ በስተግራ ትልቁ ደጋ፣ በስተቀኝ ዝቅ ያሉ ተራሮች፣ በመካከል ማሽላና ጤፍ የሚዘራበት ለጥ ያለ ሜዳ ይታያል።

እንዲህ ያለውን ምድር የእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ግራበን» ይሉታል። ቃሉ ከጀርመንኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ ቦይ ነው። ከሥነ ምድር ባለሙያዎች ውጭ የሚጠቀምበት ጥቂት ነው፤ እነሱ ግን «ሮቢት ግራበን»፣ «ቦርከና ግራበን» እያሉ ይፋት የሚባለውን የዚህን አካባቢ ሜዳዎች ይጠሩበታል።

ሸለቆ ሁሉ ግራበን አይደለም። የዓባይን በረሃ የቦረቦረው ውሃ ነው። ግራበን ግን መሬቱ ራሱ በሁለት ስንጥቆች መካከል ተቆርጦ የወረደበት ነው።

አሠራሩን ለማየት አንድ ድፎ ዳቦ ይበቃል። ከላይ ተራርቀው ወደ ታች የሚቀራረቡ ሁለት ሰያፍ ቁርጦች ያውጡለት፤ መካከለኛው ቁራሽ አናቱ ሰፊ፣ ግርጌው ጠባብ ይሆናል። አሁን ግራና ቀኙን ቀስ አድርገው ወደ ውጭ ይሳቡ። መካከለኛው የሚደግፈው ሲያጣ በገዛ ክብደቱ ዝቅ ይላል። የወረደው ግራበን፣ ከፍ ብሎ የቀረው ደግሞ ሆርስት ይባላል። የወረደው በአንድ ወገን ብቻ ከሆነ ግማሽ ግራበን ነው።

የይፋትን ምድር የሚስበው ምንድን ነው? አፋር ላይ የአፍሪካና የዐረብ ምድር በዓመት እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ። የደጋው ጠርዝ የተሰነጣጠቀው በዚሁ መሳሳብ ነው። የቦርከና ወንዝም በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ከመውረድ ይልቅ ሜዳውን ተከትሎ ወደ ደቡብ የሚፈሰው መንገዱን ይህ ስብራት ስላበጀለት ነው።

ስንጥቁ ዛሬም ሕያው ነው። ከግንቦት 1953 ዓ.ም. ጀምሮ የካራቆሬ አካባቢ በተከታታይ ተንቀጠቀጠ። የማጀቴ ከተማ ፈረሰች፤ በካራቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፤ በዚያ የሚያልፈው የአስመራ አውራ ጎዳና ተሰነጠቀ፤ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን የመሠረቱት ፒየር ጉዋንም ይህን በኢትዮጵያ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ መጽሐፋቸው አስፍረውታል።

የወረደው ሜዳ ከተራራው የታጠበውን አፈር ስለሚሰበስብ ለእርሻ ይመቻል፤ ሰውም የሚሰፍረው እዚያው ነው። ስለዚህ የይፋት ተማሪ ግራበን የሚለውን ቃል ከነሥዕሉ ሊማረው ይገባል፤ ቤት የሚሠራም ከስንጥቁ መስመር ይራቅ። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ሲናወጥ ቶሎ ይናዳል፤ በደንብ የተማገረ የእንጨት ቤት ግን ቀላልና ተለማጭ ስለሆነ የተሻለ ይቋቋማል። የምድሩን መንቀጥቀጥ ማስቆም አንችልም፤ የቤታችን አሠራር ግን በእጃችን ነው።