ልብሱን የሚመርጠው የጉብኝቱ ፕሮግራም ነው

በሐምሌ ወር ቡድን ይዞ ከቦሌ የሚነሳ አስጎብኚ፣ ተጓዦቹ ሻንጣቸው ውስጥ ምን እንደከተቱ ሳይከፍት ማወቅ ይችላል። አዲስ አበባ ዝናብና ብርድ ላይ ናት፤ ሰው ልብሱን የሸከፈው በመስኮቱ የሚታየውን ሰማይ እያየ ነው። ስለዚህ ወፍራም ሱሪ፣ ሹራብና ጃኬት ይበዛል። ከጥቂት ሰዓታት በኋላ የሚያርፍባት ዱባይ ግን በዚያው ወር ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትሞቃለች። ሮምና አቴንስም ከባዱን ሙቀት የሚያዩት በሐምሌና በነሐሴ ነው። ለፈረንጆች ገና የሚሄደው ሰው ችግር ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው። የታኅሣሥ ፀሐይ አዘናግታው በስስ ሸሚዝና በነጠላ ጫማ አውሮፓ ብርድ ውስጥ ይገባል።

ይህኛው ስህተት በቀላሉ ይታረማል፤ የአየር ሁኔታውን ስልክ ይናገራል። ስልክ የማይናገረው ቀኑ እንዴት እንደሚውል ነው። ስንት ሰዓት በእግር ይኬዳል? ስንት ደረጃ ይወጣል? የትኛው በር ላይ ጫማ ይወልቃል? ለጉብኝት የሚሆን ልብስ የሚመረጠው በእነዚህ ጥያቄዎች ነው።

የዱባይን አንድ ቀን ብቻ እንውሰድ። ተጓዡ ጠዋት ፀሐይ ላይ ይቆማል፤ ላቡ ሳይደርቅ ኤሲው እንደ ልብ የሚነፍስበት ሞል ይገባል፤ 828 ሜትር ከፍታ ያለውን ቡርጅ ኸሊፋ ለማየት ወረፋ ይይዛል፤ እንደገና ወደ ሙቀቱ ይወጣል። ጥጥ ላብ ይመጥጣል እንጂ ቶሎ አይደርቅም። ሰውነት ላይ የተጣበቀ እርጥብ ሸሚዝ ኤሲ ሲያገኘው ይበርዳል፤ ብዙ ሰው በበረሃ አገር ጉንፋን ያዘኝ ብሎ የሚገረመውም እንዲህ ካለው ቀን በኋላ ነው። ጠበብ ያለ ጂንስ ከሁሉም ይብሳል፦ ይከብዳል፣ አያስተነፍስም፣ ማታ ቢታጠብ ለጠዋት አይደርስም። የሚሻለው ሰፋ ያለ ስስ ሱሪ፣ ፀሐይ የሚከላከል ረጅም እጅጌ ያለው ቀላል ሸሚዝና ቦርሳ ውስጥ የሚቀመጥ ስስ ሹራብ ነው። በስዊዘርላንድም ፕሮግራሙ ከከተማው የአየር ሁኔታ ይበልጣል። ከታች ኢንተርላከን ላይ በቲሸርት የዋለ ሰው በባቡር ወደ ዩንግፍራውዮኽ ሲወጣ 3,454 ሜትር ላይ፣ በበረዶ ግግር መካከል ራሱን ያገኛል። እዚያ በበጋቸውም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን የጉዞውን ቀን የሚያበላሸው ጫማ ነው።

የሮም አሮጌ መንገዶች በጥቁር የባዛልት ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ለአዲስ አበባ ሰው ኮብልስቶን እንግዳ አይደለም፤ የሮሙ ግን በዘመናት እርምጃ ለስልሷል፣ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል፣ በድንጋዮቹ መሃል ያለው ክፍተትም ቀጭን ተረከዝ ይውጣል። የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጉልላት ላይ ለመውጣት 551 ደረጃዎች አሉ፤ በአሳንሰር የጀመረ ሰውም ቢሆን 320ው ይቀረዋል። ግሪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 በጥንታዊ ሥፍራዎቿ ባለ ተረከዝ ጫማ ከልክላለች። የሰውነት ክብደት በሙሉ በአንዲት ሹል ነጥብ ላይ ሲያርፍ እብነ በረዱን ይጎዳልና።

አንድ ጊዜ ሮም ውስጥ፣ ገና ከቀትር በፊት፣ አንዲት እናት ከቡድኑ ወደኋላ እየቀሩ ግድግዳ ይደገፉ ጀመር። አስጎብኚው ጠጋ ብሎ፦ «እማማ፣ ጫማው አዲስ ነው እንዴ?» አላቸው።

«ለመንገድ ብዬ ነው የገዛሁት፣ ልጄ» አሉት።

ጥሩ ጫማ ነበር፤ ቆዳ ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ሆኖም ተረከዛቸው ላይ የሳንቲም ያህል ውሃ ቋጥሯል። ፕላስተር ተለጥፎላቸው በዝግታ ሄዱ፤ ከሰዓት በኋላ የነበረውን ጉብኝት ግን ሆቴል ተኝተው አሳለፉት። ለጉዞው የሚገዛ ጫማ ከጉዞው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም አብሮ መሄድ አለበት። የሚለካውም ወደ ማታ ነው፤ እግር ሲውል ያብጣል፣ ረጅም በረራም ያሳብጠዋል። በሚጓዙበት ካልሲ ተለክቶ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ከተረፈ ልኩ ነው።

ሌላው ፈተና በር ላይ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ትከሻና ጉልበት ካልተሸፈነ አያስገባም፤ ቁምጣ የለበሰ ወንድም ይመለሳል። በኢስታንቡሉ ሰማያዊ መስጊድ ጫማ ይወልቃል፣ ሴቶች ፀጉራቸውን ይሸፍናሉ። በአቡ ዳቢው የሼክ ዛይድ መስጊድ ሴቶች ከራስ ፀጉር ሌላ እጃቸውን እስከ አንጓ፣ እግራቸውን እስከ ቁርጭምጭሚት እንዲሸፍኑ ይጠበቃል። አንዳንዱ በር ላይ የሚዋስ ጨርቅ አለ፤ በሌለበት ግን ፀሐይ ላይ ወረፋ ጠብቆ የተመለሰ ሰው ከመንገድ ሻጭ በተጠየቀው ዋጋ ሻርፕ ይገዛል።

ኢትዮጵያዊ መንገደኛ በዚህ መቸገር አልነበረበትም። ጫማ አውልቆ፣ ተሸፍኖ ቤተ እምነት መግባት ያደገበት ነው። መፍትሔውም ቁም ሣጥኑ ውስጥ አለ፦ ነጠላ። ታጥፎ ትንሽ የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አውሮፕላን ውስጥ ይደረባል፣ ቫቲካን ትከሻ ላይ ይጣላል፣ ኢስታንቡል ፀጉር ላይ ይታሰራል፣ አቴንስ ላይ ማጅራትን ከፀሐይ ይከልላል። ነፋስ ራስ ላይ አላስቀምጠው እንዳይል አንድ መርፌ ቁልፍ አብሮ መያዝ ይበቃል፤ ነጩ ቶሎ ይቆሽሻል የምትል ደግሞ ቀለም ያለው የጥጥ ሻርፕ ትያዝ። ጫማ በሚወልቅበት ቀን ማሰሪያው የማያስቸግር ጫማና ንጹሕ ካልሲ ያስፈልጋል።

ይህ ሁሉ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚመጣ ተቃውሞ አለ፤ «ታዲያ ፎቶውስ?» ይባላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ለዓመታት ገንዘብ አጠራቅሞ ኮሎሲየም ፊት የቆመ ሰው አምሮ መታየት ቢፈልግ ሊነቀፍ አይገባም። ምቾት ያለው ልብስም ያምራል፤ ምሥጢሩ ቀለም ላይ ነው። እርስ በርስ የሚስማሙ ሁለት ሱሪዎችና አራት ሸሚዞች፣ አንድ ሻርፕና ለማታ የሚሆን አንድ ደህና ልብስ ለሳምንት ጉዞ ይበቃሉ። ሻንጣውም ለሚገዛው ስጦታ ቦታ ይተርፈዋል።

የጉዞ ወኪሎች ትኬትና የሆቴል ወረቀት ሲሰጡ ስለ ልብስ ብዙ ጊዜ «ለአየሩ የሚሆን ያዙ» ከማለት አያልፉም። ይህ መቀየር አለበት። በፕሮግራሙ ላይ ከእያንዳንዱ ቦታ ጎን በእግር የሚኬደው ሰዓት፣ የደረጃው ብዛት፣ የሚሸፈነው አካልና ጫማ ማውለቅ ይኖር እንደሆነ ቢጻፍ ተጨማሪው ሥራ አንድ ገጽ አይሞላም። ወኪሉ ካልጻፈውም መንገደኛው ቀብድ ሲከፍል ጠይቆ ሊያስጽፈው ይችላል። ወረቀቱ አስቀድሞ ከደረሰው እንደ እኚያ እናት ያሉ ተጓዥ ጫማቸውን ለመለማመድም ጊዜ ያገኛሉ።