ማሽኑ ሲሠራ ለእኛ ምን ይቀራል?



በዚህ ሳምንት በኡልፓን «ማሽማዑት» የሚል ቃል ተማርን። ትርጉም ማለት ነው። ሞራችን «ሥራችሁ ማሽማዑት አለው ወይ?» ብላ ጠየቀችን። እኔ ብዙ ትምህርት የለኝም፤ ግን በሥራ ቦታ ያየሁትን ላስረዳ።

ከሰዓት በኋላ የምሠራው ብርቱካን የሚታሸግበት ቤት ነው። ድሮ ሰው ቆሞ በዓይኑ እያየ በእጁ ይለይ ነበር። አሁን የሚለየው ማኮናው ነው። ብርቱካኑ ታጥቦ እየተንከባለለ ሲያልፍ ካሜራ ዙሪያውን ፎቶ ያነሳዋል፤ ኮምፒውተሩም መጠኑንና ቀለሙን አይቶ ወደየመስመሩ ይልከዋል። እኔ አንዱን ገልብጬ ሳላይ እሱ ስንቱን ጨርሷል።

መጀመሪያ በጣም ከፋኝ። አባቴ ጎንደር ገጠር ብረት ሠሪ ነበር፤ እኔ ወናፍ እየነፋሁ ነው ያደግሁት። ሰዎች ቡዳ ይሉን ነበር። ቢሆንም ማረሻና ማጭድ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኛ ይመጣል። ማረሻው የማን እንደሆነ፣ የቱን መሬት እንደሚያርስ እናውቃለን። እዚህ ግን አዋቂው ማኮናው፣ እኔ እንዲያው ቋሚ ሆንኩ።

ማሽን ሁሉ መጥፎ ነው አልልም። እናቴ ሌሊት ተነስታ በድንጋይ ስትፈጭ ወገቧ ይቆረጥ ነበር። የሞተር ወፍጮ ሲመጣ መጁ ናፈቀኝ አላለችም። ወፍጮው ድካሟን ወሰደ እንጂ ሙያዋን አልወሰደም፤ እንጀራውን የምትጋግረው እሷ ናት፣ የሚበላውንም ታውቃለች። ሰው የሚከፋው ማሽኑ ከድካሙ ጋር ማወቁንም ሲወስድበት ነው።

አንድ ቀን እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ዝም ብለህ አትቁም» አሉኝ። ካሜራው የሚያመልጠው አለ፤ ለስላሳውን ቦታ ጣት ያገኘዋል። አንድ የሻገተ ብርቱካን ሳጥን ውስጥ ከገባ ሻጋታው ወደ ሌሎቹ ይዛመታል። በመርከብ ሩቅ አገር እስኪደርስ ብዙው ይበላሻል። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እጄ ሥራ አገኘ። የሚበላውን ሰው ባላውቀውም አስበዋለሁ።

ማኮናው ነገ ይህንንም ይማር ይሆናል። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በሥራ ቦታ «ኤኽ ዜ ኦቬድ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ እንዴት ነው የሚሠራው ማለት ነው። ማኮናው ሲቆም የሚጠራው ሰው አሠራሩንም ቋንቋውንም የሚያውቅ ነው። እኔም ለዚህ ብዬ በዚህ ዕድሜዬ ደብተር ይዤ እቀመጣለሁ።

ሰላም ሁኑ።